«እግዜር ይስጥልኝ» በስፓኒሽ

ልጄ ማርገዟን የነገረችኝ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ሰባታሚት ባለው ቤታችን ጓሮ ጎመን ስቀነጥስ ነው። እልል ብዬ፣ አቅፌ ስሜያት፣ ገና እንባዬን ሳልጠርግ ሌላ ወሬ አስከተለች።

«የባሌም እናት ሊያርሱኝ ይመጣሉ፤ አንቺ ዘንድ ነው የሚያርፉት።»

«ይምጡ እንጂ! ክፍሉ ባዶውን አይደለም እንዴ ያለው? በምን ቋንቋ ነው ታዲያ የምናወራው?»

«ስፓኒሽ ብቻ ነው የሚችሉት እማዬ።»

«እንግሊዝኛስ?»

«አንዲት ቃል የላቸውም።»

የያዝሁትን ጎመን ወንፊቱ ላይ አስቀመጥሁት። ዕድሜዬን የጨረስሁት ባሕር ዳር ውስጥ እንግሊዝኛ በማስተማር ነው። ጡረታ እስከወጣሁ ድረስ እንግሊዝኛ ካወቁ የትም አገር እንግዳ አይኮንም እያልሁ ስንቱን ተማሪ አሳምኛለሁ። አሁን ግን እቤቴ የምትገባዋ ሰው በዚያ በር የማትገባ ሆነች።

አማቼ ኮሎምቢያዊ ነው። ወደኛ አገር ያመጣው እምቦጭ ነው፤ ጣናን የወረረው ያ አረም። ልጄም በዚያው ጥናት ትሠራ ስለነበር ጀልባ ላይ ተዋወቁ፤ ጀልባ ላይ ተግባቡ፤ ከዚያ ወዲያ የሆነውን ለእናት ማን ሁሉን ይነግራል? አማርኛውን የተማረው ከጀልባ ነጂዎችና ከዓሣ አስጋሪዎች ነው። «ሄድሁ፣ በላሁ፣ ጠጣሁ» ሲል ከአዲስ አበባ የሚመጡት የሥራ ባልደረቦቹ ይስቁበታል፤ እኔን ግን ልጅነቴን ያስታውሰኛል። አባቴ የጎርጎራ መሪጌታ ስለነበሩ፣ እኔም ያደግሁት በዚያው አነጋገር ነው።

እንግዳይቱ እስኪመጡ ጊዜ ነበረኝና ለመማር ቆረጥሁ። ስልኬ ላይ የሚተረጉም ነገር ልጄ ጫነችልኝ። አማርኛውን በቀጥታ ወደ ስፓኒሽ እንዲያዞር ብሞክረው ጉድ አመጣ። «አይዞሽ» ብዬ ብጽፍ ምን እንደሰጠኝ እንጃ፣ አማቼ አንብቦት «ይህ ስለ ወታደር ነው» አለኝ። ስለዚህ በእንግሊዝኛ በኩል መዞር ጀመርሁ። በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ፤ ስፓኒሹ ይመጣል፤ ደጋግሜ እለዋለሁ። ውሃ፣ በር፣ ትራስ፣ ፎጣ፣ ቁልፍ። ደከመዎት? ራበዎት? በረደዎት? ደኅና ተኙ? የሚያስመካ እውቀት አልነበረም፤ አንድ እንግዳ ከእንቅልፉ ነቅቶ መልሶ እስኪተኛ የሚያስፈልገው ቃል ብቻ ነው። ሰሐን ሳጥብ እላለሁ፤ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ እላለሁ። አንድ ቀን ባጃጅ ነጂው በመስታወት አየት አድርጎኝ፣ «እናቴ፣ ዳዊት ነው?» አለኝ። «አዎ ልጄ፣ ለእንግዳ የሚደገም ዳዊት ነው» አልሁት።

አባቴ መጻሕፍት ሲያስተምሩ፣ ቃል ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ጓዙን ወንዙ ላይ ይጥላል ይሉ ነበር። ቃሉ ይሻገራል፤ ጓዙን ፍለጋ የሚመለሰው አስተማሪው ነው። ያን ጊዜ ስለ ግእዝ ብቻ የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር።

የመጡ ዕለት አውሮፕላን ማረፊያ ሄደን ተቀበልናቸው። ቀጭን፣ ጠይም፣ ጸጉራቸውን ወደ ኋላ ጎንጉነው ያስተኙ ሴት ናቸው፤ ከእኔ በጥቂት ዓመት ይበልጡኛል። እኔ «እንኳን ወደ ቤታችን በደኅና መጡ» የሚለውን ረጅም አረፍተ ነገር ሳምንት ሙሉ ተለማምጄው ነበር። ልጃቸውን አቅፈው፣ የምራታቸውን ሆድ በሁለት እጃቸው ዳብሰው፣ ወደ እኔ ዞር ሲሉ ያ ሁሉ ነገር ከራሴ ላይ ብን ብሎ ጠፋ። አፌን ብከፍት የወጣችው አንዲት ቃል ብቻ ናት።

«ቶዋያ!» አልሁ።

ፎጣ ማለት ነው።

ሴትዮዋ ለአፍታ አዩኝ። ከዚያ ሁለት ጉንጬን ስመው፣ ጨዋ ሰው ስጦታ ሲቀበል እንደሚለው ዝግ ብለው «ግራሲያስ» አሉኝ። ልጄና አማቼ ሻንጣው ላይ ተደግፈው ይንፈቀፈቃሉ። እኔም ሳቅሁ፤ እሳቸውም ሳቁ። የመጀመሪያውን ቀን ከዚያ የተሻለ ንግግር አድርጌ ብጀምረው ኖሮ እንዲህ የምንቀራረብ አይመስለኝም።

በማግስቱ ጧት ሻይ አቀረብሁላቸው። ስኳሩን ሳስጠጋ እጃቸውን ስኒው ላይ ጋርደው፣ «ሲን አሱካር፣ ፖር ፋቮር» አሉኝ።

«ፖር ፋቮር» እባክዎ እንደሆነ አውቃለሁ። «አሱካር» ስኳር እንደሆነም ገባኝ። «ሲን» ግን በእንግሊዝኛ ኃጢአት ነው። የእንግሊዝኛ መምህር ጆሮ ሌላ ምን ይሰማል? ስኳር ኃጢአት ነው ያሉ መሰለኝ። እኔ የቤተ ክህነት ልጅ ነኝ፤ ጾምና ሥርዓት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሰውን ሃይማኖት ደግሞ አልነካም። አገራቸው እንዲህ ያለ ሱባዔ ይኖራል ብዬ ስኳሩን አንስቼ፣ ከዓይናቸው እንዲርቅ ቁም ሣጥን ውስጥ ከአንሶላ ሥር ሸሸግሁት። ለራሴም ያለ ስኳር መጠጣት ጀመርሁ፤ እንግዳን ማሳዘን አይገባም።

ሁለት ሦስት ቀን እንደቆየን ልጄ ጓዳ ገብታ ታንኳኳለች።

«እማዬ፣ ስኳሩ ወዴት ሄደ?»

ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ፣ «ዝም በይ። አማትሽ አይወዱም። በሃይማኖታቸው ኃጢአት ነው» አልኋት።

«ማን አለ?»

«ራሳቸው ናቸዋ! ‹ሲን› አሉኝ እኮ።»

ልጄ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ መሬት ቁጭ አለች። ሳቋ አልወጣ ብሎ እንባዋ ፈሰሰ። «እማዬ፣ በስፓኒሽ ‹ሲን› ማለት ‹ያለ› ማለት ነው። ያለ ስኳር ነው ያሉሽ!»

እንግዳይቱ ሳቁን ሰምተው ከክፍላቸው ወጡ። ነገሩ ሲነገራቸው መጀመሪያ አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ፤ ከዚያ ሄደው ስኳሩን ከአንሶላው ሥር ራሳቸው አወጡና ሁለት ማንኪያ ሙሉ በእኔ ሻይ ውስጥ ጨመሩ። ጣታቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው የሆነ ነገር አሉ። ኃጢአትሽ ተሰርዮልሻል ያሉኝ ይመስለኛል።

ሌላው ነገር ግን አላሳቀኝም። አማቼ የጓሮውን ቧንቧ ሲጠግን አጠገቡ ቆሜ መፍቻ አቀብለዋለሁ።

«ልጄ፣ እናትህ ሲያናግሩኝ አሥሬ ‹ኡስቴድ፣ ኡስቴድ› ይሉኛል። ምንድን ነው?»

«‹እርስዎ› ማለት ነው እማማ።»

«እና እኔ የምላቸው? ‹ቱ›?»

ቧንቧውን አንዴ አጠበቀ፣ ሁለቴ አጠበቀ። «እሱማ... ‹አንቺ› ነው» አለኝ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ጎርጎራ አድጌ፣ ታላላቆቼን እርስዎ ስል ኖሬ፣ የአማቼን እናት እቤቴ አስገብቼ ሳምንት ሙሉ አንቺ ስላቸው ከረምሁ! ጥፋቱ የዞርሁበት መንገድ ነው። እንግሊዝኛ አንተንም፣ አንቺንም፣ እርስዎንም፣ እናንተንም በአንዲት «ዩ» ጠቅልሎ ይዞ ነው የሚሄደው። እኔ በአማርኛ «እርስዎ» ብዬ አስባለሁ፤ በእንግሊዝኛው በር ስገባ ክብሩ ይወልቃል፤ በስፓኒሽ በኩል ስወጣ «አንቺ» ሆኖ ይወጣል። አባቴ ጓዝ ያሉት ይህን ነው። የሚያስቆጨው ደግሞ ወዲያ ማዶም ወዲህ ማዶም ጓዙ መኖሩ ነው፤ መሐሉ ላይ ብቻ ነው የጠፋው።

እንግዳይቱ በረንዳ ላይ ለሕፃኑ ካልሲ ይሠሩ ነበር። ሄጄ ፊታቸው ቆምሁና እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ «ፔርዶን። ኖ ቱ። ኡስቴድ» አልኋቸው። ይቅርታ፤ አንቺ አይደለም፤ እርስዎ።

ክሩን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው እጄን ያዙኝ። ብዙ አወሩ። ልጃቸው እጁን እየጠረገ መጥቶ እንዲህ ሲል ተረጎመልኝ፤ «እኛ የተወለድንበት ደጋ ለልጅም ለውሻም ‹ኡስቴድ› ነው፣ አይዘኑ እያሉ ነው። ከሱ የሚበልጥ፣ ለምንወደው ሰው የምንለው ሌላ ቃል አለን፤ ከዛሬ ጀምሮ በሱ እንጠራራ እያሉ ነው። ‹ሱመርሴ› ይባላል።»

«ምን ማለት ነው?»

«ድሮ ‹ምሕረትዎ› እንደማለት ነበር መሰለኝ። ‹ምሕረትዎ፣ ይግቡ። ምሕረትዎ፣ ይብሉ።›»

«ምሕረትዎ» አልሁ በአማርኛ ለራሴ። አባቴ ቢሰሙት ደስ ይላቸው ነበር።

ከዚያች ቀን ወዲህ እንግዳይቱ ጧት ከክፍላቸው ሲወጡ፣ «ኮሞ አማኔሲዮ፣ ሱመርሴ?» ይሉኛል። ስልኬ ያስተማረኝ የጧት ሰላምታ «ጥሩ ቀን» የሚል ብጤ ነበር፤ ይህኛው ግን እንዴት ነጋልዎት፣ እንዴት አደሩ ነው። ሌሊቱን እንዴት እንዳለፍሁት የሚጠይቀኝ ሰው ቤቴ ውስጥ ከነበረ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ጧቴን የምጀምረው በዝምታ ነው። «ደኅና አደርሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ በአማርኛ፤ እሳቸውም የገባቸው ያህል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸውን ሣሩ ላይ ዘርግተው የተቀደደውን ይደፍናሉ። እንግዳይቱ እየጠቆሙ፣ «ሬድ! ሬድ!» አሉኝ። መረቡ ሰማያዊ ነው። በእንግሊዝኛው ቀይ ያሉና ቀለም የተምታታባቸው መስሎኝ፣ «ኖ፣ አሱል» አልኋቸው፤ ሰማያዊ ነው ማለቴ ነው። «ሬድ» አሉ አሁንም። «አሱል» አልሁ አሁንም። በመጨረሻ ጎንበስ ብለው የመረቡን ጫፍ ወደ ላይ አነሡና ጣታቸውን በቀዳዳው አሾልከው፣ ለተማሪ በሚነገርበት ድምፅ «ሬድ» አሉኝ። እንግሊዝኛ ዳግመኛ አታለለኝ፤ «ሬድ» እነሱ ጋ መረብ ነው።

ያን ጊዜ ከዳር የተጠጋውን እምቦጭ አዩት። ያን ሐምራዊ አበባ። እልፍ ብለው አንዱን ቀንጥሰው፣ አሽትተው፣ የጎረቤት ልጅ በማያውቁት አገር ያገኙ ያህል በደስታ ስሙን ጠሩት። አበባው ከአገራቸው ወንዝ ዳር የሚበቅል ነው። አስጋሪዎቹ ሥራቸውን አቁመው ተያዩ። አንዱ ሽማግሌ፣ «እሜቴ፣ ሴትዮዋ ይህን መቅሠፍት ነው የሚያቅፉት?» አሉኝ።

«አገራቸው የበቀለ ነው አባቴ።»

«ታዲያ ይንገሩልኝ፤ ሲሄዱ ጠቅለል አርገው ይዘውልን ይሂዱ!»

ባለኝ ቃል ሁሉ ተረጎምሁት። እንግዳይቱ አበባውን ቀስ ብለው ወደ ውሃው መልሰው፣ ሽማግሌውን ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ሽማግሌውም ተነሥተው እጅ ነሡ።

ልጄ የወለደችው ቀኗ ሳይደርስ ነው። አማቼ በዋዜማው ለሥራ በጀልባ ወደ ጎርጎራ ተሻግሮ ስለነበር ልጄ ያደረችው እኛው ዘንድ ነው። ጧት ሐይቁ ላይ ነፋስ ተነሥቶ ጀልባዎቹ ቆሙ፤ ኔትወርክም ስለጠፋ ልንደውልለት አልቻልንም። እኔና እንግዳዬ ቁርስ በልተን ገና መነሣታችን ነበር። ልጄ ግድግዳውን ተደግፋ መጣችና፣ «እማዬ፣ ዓይኔን ብዥ አለብኝ። ራሴ ሊፈነዳ ነው» አለችኝ። ፊቷ አብጧል። በባጃጅ መሐላችን አስቀምጠን፣ አንድ እጇን እኔ፣ አንድ እጇን እሳቸው ይዘን ሆስፒታል ደረስን።

ወዲያው ወደ ውስጥ ወሰዷት። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ነርሶች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ይሮጣሉ። ትንሽ ቆይቶ ወጣት ሐኪም ወጣ።

«እናቷ እርስዎ ነዎት? ደም ግፊቷ በጣም ከፍ ብሏል። ሕፃኑንም እያስቸገረው ነው። መጠበቅ አንችልም፤ አሁኑኑ እናወጣዋለን።»

«እሺ ልጄ። እግዚአብሔር በእጃችሁ ላይ ይደር» አልሁት። ሌላ ምን ይባላል?

እንግዳይቱ እጄን ይዘው ፊቴን እያዩ ነው። ሐኪሙ ሲናገር ቃሉ ባይገባቸውም የድምፁ መቸኮል ገብቷቸዋል። ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። በኋላ ልጃቸው እንደነገረኝ፣ አንዲት ታናሽ እህታቸው በወሊድ ነው የሞተችው፤ በር ላይ ቆመው ነበር፤ የሆነውን ማንም ሳይነግራቸው ነበር ሬሳ የወጣው። እኔ ያን ጊዜ ይህን አላውቅም። ያወቅሁት አንድ ነገር ነው፤ እኚህ ሴት ሳይነገራቸው እንዲህ ሊቀመጡ አይገባም።

ስልኬን አወጣሁ። ኔትወርክ የለም። ራሴን ፈተሽሁ። «ሰርጀሪ» የሚለውን እንግሊዝኛ በስፓኒሽ ምን ይሉታል? አልተማርሁትም። ፎጣ ተምሬያለሁ፤ ትራስ ተምሬያለሁ፤ ማን ለእንግዳ ስለ ቢላዋ ይማራል? «ቤቤ» አልሁ፤ ሕፃን። «ፑዌርታ» አልሁ፤ በር። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ እንደ በር ከፈትሁት። ይብሱን አስደነገጥኋቸው። እንባዬ መጣ። ተስፋ ቆርጬ በገዛ ቋንቋዬ ለራሴ አጉተመተምሁ፤

«ኦፕራሲዮን ነው የኔ እናት፣ ኦፕራሲዮን ነው፣ ምን ብዬ ልንገርዎት...»

«ኦፔራሲዮን?» አሉኝ።

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ኦፔራሲዮን? ኢሃ ቢየን? ቤቤ ቢየን?» ኦፕራሲዮን ነው? ልጅትም ደኅና፣ ሕፃኑም ደኅና?

«ሲ!» አልሁ። «ኦፕራሲዮን! ቢየን!»

ትንፋሻቸው ከሆዳቸው ወጣ። የእንግሊዝኛውን ቃል ሳሳድድ፣ እናቴም ጎረቤቴም ሲሉት የኖሩት የአገሬ ቃል የሳቸውም ኖሯል። ደገፍ ብለውኝ ተቀመጡ። ከአንገታቸው የመቁጠሪያ መስቀላቸውን አወጡ፤ እኔም ነጠላዬን ተከናነብሁ። እሳቸው «ማሪያ» ይላሉ፣ እኔ «ማርያም፣ ማርያም» እላለሁ። እዚያ ላይ መተርጎም አላስፈለገንም።

ሕፃኗ ወጣች። ሴት ናት፤ ትንሽ ናት፤ ግን አልቅሳለች። ነርሷ ያን ነግራን ደስታችንን ሳንጨርስ ተመልሳ መጣች። ልጄ ደም ፈሷታል። ደም ሰጥተዋታል፣ ግን ሊጨመርላት ይችላል፤ ቤተሰብ ቢለግስ ጥሩ ነው አለች። እጅጌዬን መሰብሰብ ጀመርሁ።

«የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ?» አለችኝ።

«እወስዳለሁ።»

«እርስዎ ይቅርብዎት እማማ። ሌላ ሰው የለም?»

አባትየው ጎርጎራ ነው። ማንን ልጥራ? በምን ልጥራ? ዞር ስል እንግዳይቱ ቆመዋል። ምን እንደተባለ አልነገርኋቸውም፤ የኔን እጅጌ መሰብሰብና የነርሷን ራስ መነቅነቅ ግን አይተዋል። የራሳቸውን ሹራብ እጅጌ እስከ ክንዳቸው ሰብስበው፣ ያንን ቀጭን እጃቸውን ወደ ነርሷ ዘረጉ።

ነርሷ የምትጠይቀው ጥያቄ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር። እኔ እያየሁ ወደ ስፓኒሽ ማዞር ጀመርሁ፤ እያዞርሁ ሳለ አንድ ነገር ገባኝ። ጥያቄዎቹን ሁሉ አውቃቸዋለሁ! ዛሬ ደኅና ነዎት? ደኅና ተኙ? ቁርስ በሉ? ይደክመዎታል? ትኩሳት አለ? የሚያምዎት ቦታ አለ? መድኃኒት ይወስዳሉ? ሰሐን ሳጥብ፣ ባጃጅ ውስጥ ስደግማቸው የነበሩት፣ እንግዳ እንዳይከፋ ብዬ የተማርኋቸው ናቸው።

«ዱርሚዮ ቢየን፣ ሱመርሴ?» አልኋቸው። ደኅና ተኙ?

«ሲ፣ ሱመርሴ። ሙይ ቢየን።» በጣም ደኅና።

ነርሷ በመገረም ሁለታችንንም አየችን። «እህትዎ ናቸው እንዴ?» አለችኝ። እኔ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍሁ። መርምረው ይሆናል አሉ፤ ደም ቀዱላቸው። ደማቸው የልጄ ደም ሥር ይግባ ወይስ ለሌላ ሰው ልጅ ይዋል፣ እንዴት እንደሚመደብ አላውቅም። ለኔ ልዩነት የለውም።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ልጄን አየናት። ገርጥታለች፤ ግን ፈገግ ብላ፣ «አያት ሆናችሁ» አለችን። እንግዳይቱ ግንባሯን ስመው፣ የሕፃኗን እግር በሁለት ጣት ይዘው ረጅም ጊዜ ቆዩ።

ወጥተን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ከሻይ ቤት ጭማቂ ገዛሁላቸው፤ ደም የሰጠ ሰው ይጠጣ ብላ ነርሷ አዝዛኛለች። ማመስገን ፈለግሁ። «ግራሲያስ» አልሁ። ቃሏ ከአፌ ስትወጣ ለራሴ አነሰችብኝ። ፎጣ ለሰጠም ግራሲያስ ነው፤ ውሃ ላቀበለም ግራሲያስ ነው። ልጄን ለሰጠኝ ሰው ምን ልበል? በአማርኛ ቢሆን አውቀዋለሁ። እንግሊዝኛውን ተውሁትና ባሉኝ ቃላት የራሴን አማርኛ እንደ ጡብ ደረደርሁት።

«ዲዮስ...» አልሁ፤ እግዚአብሔር። ወደ ሰማይ ጠቆምሁ። «ኡስቴድ» አልሁ፤ ለእርስዎ። ስጥ የሚለው ቃል ጠፋኝ። ከእጄ ወደ እጃቸው የማይታይ ነገር አስተላለፍሁ። «ዮ... ኖ።» እኔ አልችልም። «ዲዮስ።»

ጭማቂውን አስቀመጡ። «ዲዮስ ሌ ፓጌ» አሉኝ።

ደገምሁት። «ዲዮስ ሌ ፓጌ?»

በእጃቸው አስረዱኝ፤ እሳቸውም ወደ ሰማይ ጠቆሙ፣ እሳቸውም ከእጅ ወደ እጅ አስተላለፉ። እግዚአብሔር ይክፈልዎ። እግዜር ይስጥልኝ። ተራራቸው ላይ፣ ውለታው ከሰው አቅም በላይ ሲሆንባቸው እነሱም ወደዚያው ነው የሚያሳልፉት።

«ዲዮስ ሌ ፓጌ፣ ሱመርሴ» አልኋቸው፤ አሁን በሙሉ ልቤ። እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። የኔም።

አማቼ በማግስቱ ነፋሱ ሲበርድ በመጀመሪያው ጀልባ መጣ። ኮሪደሩን ሲሮጥ ያየሁትን ፊቱን መቼም አልረሳውም። እናቱ አቅፈውት ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገሩት። ሲጨርሱ ወደ እኔ መጥቶ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ፤ ማን እንዳስተማረው እንጃ። ቀና አደረግሁት።

ልጄ የአራስነት ጊዜዋን እኛው ቤት ተኛች፤ ሁለት አያቶችም ጓዳውን ተካፈልን። እኔ ገንፎ አገነፋለሁ፤ እሳቸው የዶሮ ሾርባቸውን ይሠራሉ። ከሆስፒታሉ በኋላ አዲስ ልማድ አወጣን። አንድ ነገር ስንፈልግ ስልኩን ከመክፈት በፊት አማርኛውን እንደወረደ እሞክራለሁ። «ዘይት» ስላቸው «አሴይቴ?» ብለው ጠርሙሱን አነሡ። «ሩዝ» ስላቸው «አሮስ»። «ሎሚ» ስል «ሊሞን»። ስኳራችን እንኳ አሱካር ነው፤ ያን ያህል ሳቅ ሳስቅ ለካ ዘመዳሞች ናቸው። ቀሚሴን ይዤ «ቀሚስ» ስላቸው ሸሚዛቸውን ይዘው «ካሚሳ» አሉኝ። አማቼ አብዛኞቹን ዓረቦች ናቸው ለሁላችንም ያካፈሉን አለ፤ ለእነሱ በስፔን በኩል፣ ለእኛ በቀይ ባሕር። ሁልጊዜ ግን አይሳካም። «በርበሬ» ስላቸው የሕፃን ስም መስሏቸው ለልጅቱ በጣም ያምራል አሉኝ።

ልጅቱ ክርስትና እስክትነሣ ቆዩልን። እንደ ሥርዓታችን ከኛ ጋር ሊቆርቡ ባይችሉም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከሴቶቹ ጋር ነጠላ ለብሰው ቆሙ። ከዚያ የመሄጃቸው ቀን ደረሰ። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሕፃኗን ስመው፣ ምራታቸውን ስመው፣ ልጃቸውን ባርከው፣ ወደ እኔ መጡ። ከአገራቸው ሲመጡ ደርበውት የነበረውን ወፍራም የሱፍ ልብስ፣ እንደ ካባ በአንገት የሚጠለቀውን፣ አውልቀው እኔ ላይ አጠለቁት። የባሕር ዳር ሙቀት እንኳን ያንን ነጠላም አያስለብስም።

ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል ብዬ ነበር። አሁን ግን ኅዳር ሲገባ፣ ጎሕ ሲቀድ ለኪዳን ስሄድ ከነጠላዬ ሥር እደርበዋለሁ። ባለፈው ሰሞን አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት ጫፉን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ ኪዳኑ እስኪያልቅ ስላላስቻላቸው ቀስ ብለው ጠየቁኝ፤

«የየት አገር ጋቢ ነው ይሄ? እንዴት ይሞቃል!»

«የታላቅ እህቴ ነው» አልኋቸው።

«እህት አለሽ እንዴ? የት ናቸው?»

«ባሕር ማዶ፣ ደጋ ነው ያሉት።»

«ታዲያ ያኑርልሽ» አሉኝ። እኔም «አሜን» አልሁ፤ ካህኑም ደወሉን መቱ።